የትንሿ ባቡር ጡሩምባ

እኔ ፈሪ ሴት አይደለሁም። ስልክ ጠግኜ ነው የምኖረው፤ ስንቱ ጎረምሳ ሱቄ ገብቶ «አበላሸሽብኝ» እያለ ሲፎክርብኝ ስልኩን ከነባለቤቱ ወደ ውጭ የማስወጣ ሰው ነኝ። ግን ከስንዝር እምብዛም የማትበልጥ የባቡር ሞዴል ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብላ ስታስፈራራኝ ከረመች። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ባቡር ነጂ ነው። ነው ልበል ነበር ልበል፣ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን መንገድና ሐዲድ የሚቋረጡበት ቦታ ላይ አንድ ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ ባቡሩ ፊት ገባበት። መርማሪዎቹ «ነጂው ጡሩምባ ነፍቷል፣ ፍሬን ይዟል፣ ሟቹ ግን አልሰማም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። አጥፍተሃል ያለው ማንም የለም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ውጭ የጭነት መኪና ጡሩምባ ከነፋ ማንኪያውን አስቀምጦ መኝታ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋል። ያ ተጫዋች ሰው፣ ገና ሲገባ ቤቱን የሚያሟሙቀው ሰው ድምፁ ጠፋ። እኔ ደግሞ አመሌ ነውና መጀመሪያ ጮህኩበት፣ ቀጥሎ ለመንኩት፣ በመጨረሻ ፈራሁለት። ምላጩን ሳይቀር ደብቄበታለሁ።

እህቱ ነርስ ናት። «የሚያስፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ ይልመደው» አለች። የሥራ ጓደኞቹ ደግሞ እሱ የሚነዳትን ዓይነት ሎኮሞቲቭ፣ ሞዴሏን ከነሐዲዷና ከነመቆጣጠሪያዋ አመጡለት። ድምፅ አልነበራትም። መካኒኩ ጓደኛው ግን ዲኮደር የሚሏትን፣ ባቡሯን የምታዝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰርኪት ከትንሽዬ ድምፅ ማጉያ ጋር እጄ ላይ አስቀመጠና «የእውነተኛዋ ሞተርም ጡሩምባም ተቀድቶባታል፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አለኝ። ኧረ እኔ ስለ ባቡር ምን አውቄ! ግን ለባሌ ካልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?

ክዳኗን ፈትቼ ሆዷን ከፈትኩት። የዲኮደሯ ቀይና ጥቁር ሽቦ ከሐዲዱ መብራት ወደሚቀበሉት ጎማዎች፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ። መካኒኩ አስጠንቅቆኛል፤ ሞተሩ ከሐዲዱ መብራት ጋር በአንዲት ጫፍ እንኳ ከተነካካ ዲኮደሯ ባንድ አፍታ ትቃጠላለች። ስለዚህ ለካሁ፣ መልሼ ለካሁ፣ አሁንም አላመንኩም። በሰው ስልክ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን መበየጃውን እያስቀመጥኩ ላቤን ቀሚሴ ላይ ስጠርግ ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ።

«ምን እሆናለሁ! ይልቅ ብርሃኑን አትጋርድብኝ» አልኩት። ዞር አለልኝ።

ድምፁን በአንድ ቁጥር ነው የሚወስኑት፤ መቆጣጠሪያው ላይ ቁጥሩን ትጽፊያለሽ፣ ዲኮደሯ ትቀበላለች። መጨረሻው ታች አደረግሁት። ባቡሯ ስትነሳ ሞተሩ ከሩቅ እንደሚፈላ ድስት ተንዶቀዶቀ። ባለቤቴ ተነስቶ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ጡሩምባ አላት?»

«አላት።»

«እስቲ ንፊው።»

ነፋሁት። የትንኝ ድምፅ በሉት። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። ወድቆ ይቀራል ብዬ ክንዱን ያዝኩት፤ አልወደቀም፣ መኝታ ቤትም አልገባም። «ነገም እንሞክር» አለኝ።

እንዲህ እያልን በየቀኑ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ ከፍ ማድረግ ጀመርኩ። እሱ ካርቶን ቆርጦ መንገድ አድርጎ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ አነጠፈ። ባቡሯ ካርቶኑ ጋ ስትደርስ እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። «ካፒቴን፣ መንገደኛው እየጠበቀህ ነው፣ እለፍ እንጂ!» እያልኩ ላስቀው እሞክራለሁ። በግድ ፈገግ ይልልኛል። ጡሩምባውን ግን አንድም ቀን በራሱ እጅ ነክቶት አያውቅም። እህቱ «እየዳነልሽ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ሌሊት ትንፋሹን ነበር የማዳምጠው።

ወደ ሥራ ይመለስ አይመለስ የሚወስኑት ሐኪሞች ሰኞ ጠዋት ቀጠሩት። እሑድ ከምሳ በኋላ ባቡሯ አልነሳም አለች። መብራቷ ብልጭ ይላል፣ አትንቀሳቀስም። ለመካኒኩ ደወልኩለት። «ስምንተኛው ማስተካከያ ላይ ስምንት ብለሽ ጻፊ፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ትሆናለች» አለኝ። ጻፍኩ። ነቃች! እሰይ አልኩ። ከፋብሪካ እንደወጣች ማለት ድምፁም እስከ ጥግ ማለት እንደሆነ ጭራሽ አልታሰበኝም። ስንቱን ደንበኛ «ሪሴት ከተደረገ ያስተካከልሽው ሁሉ ይጠፋል፣ በኋላ እንዳትጮሂብኝ» የምል ሴት!

«የሞተሩን ድምፅ አትክፈቺው» አለ ባለቤቴ። «ጡሩምባውን ብቻ። ዛሬ እኔ ልያዘው።»

ደነገጥኩ። ደስም አለኝ። መቆጣጠሪያውን ሰጠሁት።

ባቡሯ ያለ ድምፅ ዞረች። አውራ ጣቱን የጡሩምባው ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ካርቶኑ ጋ ደረሰች፣ አልተጫነም፣ አለፈች። እንደገና ዞረች፣ አሁንም አልተጫነም። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ አለ፣ ከንፈሩ ደረቀ። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ይዣለሁ። በሦስተኛው አላስቻለኝም።

«ንፋው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት።

ነፋው።

ወይኔ ልጅቱ! ከዚያች ከሚጢጢ ነገር እንዲህ ያለ ጩኸት ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበው። ዘልዬ ሶኬቱን ነቀልኩት። «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ድምፁን ረስቼው ነው» እያልኩ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ ራሱን ይስታል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራሁት።

«እንዲህ ጮሆ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይሰማ ነበር» አለ።

«ጮኋል እኮ! ነፍተሃል እኮ!»

«አልነፋሁም።»

«እንዴት አልነፋሁም? ምን ማለትህ ነው?»

«ልጁ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ብስክሌቱን እየገፋ ይመጣል። ያየኛል፣ ይቆማል፣ እጁን ያነሳልኛል። ተለማምደናል። ያን ቀንም ሲመጣ አየሁት። አውራ ጣቴ ልክ እንዳሁኑ የጡሩምባው ቁልፍ ላይ ነበር። ለምን ልንፋ፣ ይቆማል አልኩ። እንዳልቆመ ሳይ ሁለቱም እጆቼ ፍሬኑ ላይ ነበሩ።»

«ለመርማሪዎቹስ?»

«‹መቼም ነፍተሃል› አሉኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። የልጁ እናት የቢሮው በር ላይ ቆማ ‹ልጄ ጆሮው ደህና ነው፣ መርፌ ስትወድቅ ይሰማል› እያለች ትጮህ ነበር። በአጠገቧ አልፌ ወጣሁ።»

እኛ ጡሩምባ ሲሰማ ያ ቀን እየታወሰው ይመስለን ነበር። ለካ ያን ቀን ጡሩምባ የሚባል ነገር አልነበረም! ለዚያች እናት አዘንኩ ብል እዋሻለሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ የእስር ቤት በር ነው።

«ጫማዬ የት ነው?» አለኝ።

«የት ልትሄድ?»

«እናቱ ጋ።»

«አብደሃል? ያስሩሃል! ነገ እኮ ሐኪሞቹ ይፈርሙልሃል፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፣ ሰው ትሆናለህ! ማን ሰማህ? እኔ ነኝ የሰማሁህ፣ እኔ ደግሞ ምንም አልሰማሁም!»

«አንቺ ብትሆኚ፣ የሞተ ልጅሽን ደንቆሮ ሲሉብሽ ዝም ትያለሽ?»

ጫማውን ከአልጋው ሥር ራሱ አወጣው። አቧራውን በእጁ ጠራርጎ አጠለቀው፣ ክሩን ቀስ ብሎ አሰረ። ከቤት ይውጣልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ያለቀስኩ ሴት፣ ሲነሳ ሳየው ሮጬ በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

«አትወጣም!» አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

አልገፋኝም፣ አልተቆጣኝም። ፊቴ መጥቶ ቆመና ከበሩ ገለል እስክልለት ጠበቀኝ።