አማካዩ ደንበኛ

ማክሰኞ ጠዋት አማካዩ ደንበኛ ራሱ ደሴ ፒያሳ ወዳለው የዘምዘም ጫማ ቤት ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚገኘው በዘምዘም ኮምፒውተር፣ በሽያጭ ሠንጠረዡ ውስጥ ብቻ ነበር። ግማሽ ጎኑ ወንድ፣ ግማሽ ጎኑ ሴት ነው። ሁለት ልጅ ተኩል አስከትሏል፤ ተኩሉ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይከተላል።

«ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር፣ ጥቁር» አለ።

የዘምዘም ታናሽ እህት ሰዓዳ ወንበር አቀረበችለት። ሰዓዳ በጫማ ፋንታ ወሬ ብትሸጥ ኖሮ ይሄኔ ፎቅ ሠርታ ነበር፤ ለአንድ ነጠላ ጫማ የሰውን ዘር ማንዘር ጠይቃ ነው የምትሸኘው።

«ስምህ ማን ነው?» አለችው።

«ብዙ ነበር። ሲካፈል ለእኔ የሚደርስ ጠፋ።»

ጫማው ልክ ሆነው። ሳይከራከር ከፍሎ ወጣ።

በዘምዘም መፍረድ ይከብዳል። ያን ዓመት መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ የቆዳ ዋጋ እንዳደረ አይውልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚጨብጠው ነገር ይሻል፤ እሷ የጨበጠችው መረጃዋን ነበር። ረቡዕ ዕለት አማካዩ ደንበኛ ሦስት ሆኖ ሲመጣ፣ ከእንግዲህ ጫማ ሁሉ በአንድ ቁጥር እንዲሠራ ወሰነች።

«እታለም፣ እግሩ የሚያብጥበትስ ምን ያድርግ?» አለች ሰዓዳ።

«እሱ ከመቶ ሁለት ነው።»

«ከመቶ ሁለት አይደለም፣ ሰይድ ነው።»

ዘምዘም ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሠንጠረዡን ስታየው፣ ሰዓዳ አንድ ደንበኛ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ለአራት ይበቃል። አርብ ዕለት አሰናበተቻት።

«እኔ አይደለሁም፣ ቁጥሩ ነው» አለቻት።

«እንግዲያው የናፈቅሁት ቀን እሱ ይጥራኛ» አለች ሰዓዳ። ሻርፗን ተከናንባ ወጣች።

ሽያጩ አደገ። አማካዩ ደንበኛ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ይሰለፋል፤ ሰይድም ሆነ ሌላው ድሮ የሚመጣ ሰው ድርሽ አይልም። ዘምዘም አንዳንዴ ዋጋ ጨምራ ትጠራለች፣ የሚከራከራት ብታገኝ ብላ። ዝም ብለው ይከፍላሉ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰልፉን እንዳለ ትታ ሱቁን ዘጋችው። ጸጸቱ አላስቀምጥ ብሏት ነበር። እናታቸው ስትሞት አደራ ያለቻት ሰዓዳን ነው፤ እሷ ግን የገዛ እህቷን እንደማያዋጣ ዕቃ አወጣቻት። ለመማጸን ሰዓዳ ወደ ተከራየችበት ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት አከራይ ጥቁር ጫማ አድርገዋል፤ ከከንፈራቸው በላይ ግማሽ ጢም አብቅለዋል።

«ሰዓዳ አለች?»

«እዚህ ሁላችንም አለን» አሉ አከራይዋ። የሰዓዳ ክፍል ባዶ ነበር።

ዘምዘም ወደ አደባባዩ ሮጠች። ሰዉ ለምሳ ከሥራ እየወጣ መንገዱን ሞልቶታል፤ ቁመቱ አንድ፣ እርምጃው አንድ። ከፊቷ የሚያልፈውን እያስቆመች ፊት ፊቱን አየች፤ እህቷ ትሁን አትሁን መለየት አቃታት።

«ሰዓዳዬ!» ብላ ተጣራች። «ይቅር በይኝ፣ ቤትሽ ነይ!»

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ዞሮ ተመለከታት፤ በአንድ ድምፅም፣ ረጋ ብሎ፣ «አቤት፣ እታለም» አላት።