ቁንጫ ኦቾሎ ወጣች

«አባባ፣ ይቺን ብቻ» አለች ምራታቸው ሚሪያም ጉርሻውን ወደ አፋቸው አስጠግታ። አቶ አስናቀ አፋቸውን ከፈቱላት። እንጀራ ይሁን ጨርቅ አልለዩትም፤ አላመጡና ዋጡት። ባሏን የቀበረችው እሷ፣ አጉራሿም እሷ! ሊያፍሩ ፈልገው ነበር፤ ግን ሐፍረቱም እንደ ጉርሻው ጣዕም አልነበረውም።

ልጃቸው ጢሞቴዎስ የተቀበረው ትናንት ነው። የቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶ መምህር ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ ሐኪሞቹ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ትልቅ ሰው ጫማ ሲያስር ይሞታል እንዴ? አቶ አስናቀ ይህንን ጥያቄ ለመጣው ሁሉ ሲጠይቁ ውለው አሁን እሱም ደከማቸው።

ድንኳኑ ውስጥ የሚሪያም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ጩኸት የለም፣ ደረት መምታት የለም፣ ሙሾ የለም። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ውኃ የሚቀዱት፣ ወንበር የሚደረድሩት፣ ሻዩን በፔርሙዝ የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ክፉ አይወጣቸውም። ግን አቶ አስናቀ መንዝ ተወልደው፣ ለመንገድ ሥራ አርባ ምንጭ መጥተው ቀልጠው የቀሩ ሰው ናቸው። በአገራቸው ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ሸማው ኮርቻው ላይ ተጥሎ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ለቀስተኛው ሆዱ የሚባባው ባዶውን ኮርቻ ሲያይ ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ዳማውን ፈረስ የሳቡት እሳቸው ነበሩ። ፈረሱ ዞር ብሎ ጌታውን የፈለገ ሲመስላቸው፣ ያን ጊዜ እንባቸው እንደ ጎርፍ ወረደ። አሁን የራሳቸውን ልጅ ቀብረው ዓይናቸው ደረቅ ነው።

ጎረቤታቸው ወለቴ፣ እሷም የሰሜን ሰው ናት፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ጋሽ አስናቀ፣ የወንድ ልጅ ለቅሶ እንዲህ ነው? እንደ ዕቃ ሸኘነውኮ!»

«ተይ ወለቴ።»

«እርስዎም አንዲት ዘለላ እንባ አልጣሉም። ሰው ያያል።»

ያያል። ምን ያድርጉ? እንባ እንደ ሻይ ከፔርሙዝ አይቀዳ ነገር።

ከሰዓት በኋላ ካሱ መጣ። ካሱ ሲቀላ ሰፈር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ከጢሞቴዎስ ጋር አንድ የመኪና ኮፈን ሥር ሲጎነበሱ ነው ያረጁት። ነፍስ ይማር ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከመነኻሪያ ደወሉልኝ። ከአዲስ አበባ በስሙ የመጣ ዕቃ ነው» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «ቺንጋው ነው።»

አቶ አስናቀ ፌስታሉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ጥቁር፣ አዲስ የጎማ ቀበቶ። ሽታው ልጃቸውን ይሸታል።

ቁንጫን የሰየሟት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሏት የሄደ ቀይ መኪና ናት፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ቀና የማትል። «ልጄ፣ ሰው ከብት ያሳድጋል እንጂ ቁንጫ ያሳድጋል?» ይሉት ነበር። አንድም ቀን አልተሳፈሩባትም። ጉልበቴ አይገባም ይላሉ።

ጢሞቴዎስ ግን በሠርጋቸው ቀን ሚሪያምን ሊያመጣ ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ኦቾሎ የወጣው በቁንጫ ነበር። የላንቴን የሙዝ ማሳ አለፈች፤ ዳገቱንም ጀመረች፤ መንደሩ አፋፍ ላይ፣ መጨረሻዋ ኩርባ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ቀጥ አለች። የኦቾሎ ጎረምሶች እየጨፈሩ ወርደው ሙሽራውን ከነመኪናው እስከ አማቱ ደጅ ገፉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ስሙ ጢሞቴዎስ መሆኑ ቀረ። «ተገፍቶ የመጣው አማች» ሆነ። በዓል በመጣ ቁጥር በፒክአፕ ሲወጡ «ዛሬስ ማን ገፋህ?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲመለስ ግን ቱታውን ለብሶ ቁንጫ ሥር ይገባል።

አንድ ቅዳሜ የሥጋ መፍጫ የመሰለ አሉሚኒየም ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ከተጋጨ መኪና የተፈታ ነው።

«ሱፐርቻርጀር ይባላል፣ አባባ። ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። ሲርበው ይቆማል። ይሄ አየሩን ሰብስቦ ያጎርሰዋል።»

«ይሄንንስ ማን ያዞረዋል?»

«ራሱ ሞተሩ፣ በቺንጋ።»

«ራሱን በራሱ የሚያጎርስ! ሆዳም በለኛ።»

«ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ መች ያምራል?» አለና ሳቀ።

ካሱ ግን ተው ብሎት ነበር፤ ያረጀ ሞተር ያለ ልኩ ከጎረሰ ይሰነጠቃል። ጢሞቴዎስም የቺንጋውን መዘውር ሰፋ ባለ ለወጠው፣ አየሩ በዝግታ እንዲገባ። ከላይ አልከደን ስላለው ኮፈኑን ቆረጠው። የመንገዱ ድንጋይ እንዳይነካት ሆዷን ከፍ አደረገ። ሁሉ አለቀና የመጀመሪያው ቺንጋ አጥሮ ተገኘ። ሌላ አዘዘ። የታዘዘው ይኸው ጭናቸው ላይ ነው።

«ካሱ» አሉ አቶ አስናቀ። ድምፃቸው ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላቸው። «ልጄ ፈረስ ነበረውኮ።»

ካሱ አልገባውም። አቶ አስናቀ ግን ተነሥተው ከድንኳኑ ጫፍ ወደተቀመጡት ወደ ሚሪያም አባት ሄዱ። አቶ ኦይታ ሸማኔ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ። ነገ ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ላልቻለው ዘመድ ኦቾሎ ላይ ለቅሶ ይቀመጣሉ።

«አቶ ኦይታ፣ ነገ የልጄን መኪና ደጅዎ ላቁማት። በአገሬ ፈረሱ ሳይወጣ ወንድ አልተለቀሰም።»

አቶ ኦይታ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላቸው።

«እኛም ጋ ነበረ» አሉ። «ጦር ይዞ ለቅሶ ሜዳ ላይ መሮጥ። ወንጌል ሲመጣ ተውን። ተዉ ያልኩት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን መኪና ለለቅሶ ይምጣ ብል ሰዉ ምን ይለኛል?»

«ሩጡ አላልኩም። ልጄ እንደ ዕቃ እንዳይሸኝብኝ ነው። ሌላ ምንም አልለምንም።»

አቶ ኦይታ በመወርወሪያ የጠነከሩ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸው ላላ።

«ጢሞቴዎስ ማንም ሳይገፋኝ ደጅዎ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ቃል የሰጠ ሰው ቃሉን ሲያመጣ አትምጣ አይባልም። ይምጣ መኪናው።»

ካሱ ነው የፈራው። «ጋሼ፣ ጢሞ እኮ አልሞከራትም። ያቺ ኩርባ ላይ ብትቆምስ?»

ብትቆም፣ ጢሞቴዎስ ከሞተም በኋላ ዳግመኛ ሊገፋ ነው፤ ስሙም እንደዚያው ሊቀር ነው። አቶ አስናቀ ይህን ያውቃሉ። አፋቸው ግን «ሥራት» ብቻ አለ።

በማግሥቱ ሚሪያምና ዘመዶቿ በፒክአፕ ቀድመው ወጡ። ካሱ መሪውን ያዘ፤ አቶ አስናቀ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጎኑ ገቡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ገባ፤ ለካስ ይገባ ነበር።

ከላንቴ በኋላ ሙዙ አለቀና ዳገቱ መጣ። የአባያ ሐይቅ ከኋላቸው ሰፋ። ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ተነሣ።

«ስሙት፣ ጋሼ» አለ ካሱ። «መጉረስ ጀመረ።»

ሰሙት። ደስታም ሐዘንም አልተሰማቸውም። እጃቸው ግን የበሩን እጀታ ጨብጦ አልለቅም አለ።

ኩርባዋ ላይ የኦቾሎ ወንዶች ቆመው ነበር፤ ያኔ ጎረምሳ የነበሩት፣ አሁን የልጆች አባት። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል፤ ለጎማ የሚያስደግፉት ድንጋይም ይዘዋል። ሊገፉ ነው የወረዱት፤ ይህች መኪና እዚህ እንደምትቆም ሕፃን ያውቃል። ቁንጫ ዘገመች። ካሱ ከንፈሩን ነክሶ ማርሽ ቀነሰ። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ጎማው ጠጠሩን ወደ ኋላ በተነ። እናም አለፈቻቸው።

አቶ አስናቀ በመስታወቱ አዩ። ሰዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀርተዋል። አንዱ ድንጋዩን ጣለ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ሌላው ተከተለ፤ ሁሉም ተከተሉ። ጦር የለ፣ ጋሻ የለ፤ ማንም ሩጡ ያላቸው የለ፤ አንድም እጅ መኪናዋን ሳይነካ ከኋላዋ እየሮጡ፣ ድምፃቸውን አውጥተው እያለቀሱ እስከ አቶ ኦይታ ደጅ ደረሱ። አቶ ኦይታ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ተዉ አላሏቸውም።

ካሱ ሞተሩን አጠፋ። ሚሪያም ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ባዶ የቀረውን የመሪ ወንበር፣ ካሱ ሲወርድ የተወውን፣ ታያለች። አቶ አስናቀ በስንት መከራ ወጡ፤ እግራቸው ደንዝዟል። የኦቾሎ ነፋስ ጋቢያቸውን አነሣው። አባታቸው ዳገት የወጣ ፈረስ ራቁቱን አያቆሙም ነበር፤ ኮርቻው እንደወረደ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ በገዛ ጋቢያቸው ይሸፍኑት ነበር።

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ኮፈኑ ላይ ዘረጉት።

ካሱ ሊከለክላቸው ቀረበ። የጋለ ሞተር ይከፈትለታል እንጂ አይሸፈንም፤ ይህን ጢሞቴዎስ ቢኖር ራሱ ይላቸው ነበር። ካሱ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሙቀቱ በጋቢው ውስጥ አልፎ መዳፋቸው ላይ ወጣ። አቶ አስናቀ እጃቸውን አላነሡም። በሌላው እጃቸው ነፋሱ የገለበጠውን ጠርዝ ቀስ ብለው ስበው፣ ብርድ እንዳይገባ፣ ከሥር አስገቡት።