የፈረሱ በርሜል

በረኪናው ሳፋው ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሳይቆይ ቀሚሱ መልኩን ቀየረ። ውቢት ዓይኗ እያየ ነጩ ሸማ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫው ደግሞ ወደ ዛገ ቆርቆሮ ቀለም ተሻገረ። ውሃው ከጉድጓዱ ሲወጣ እንዲያ ጠርቶ፣ ይኼን ያህል ተንኮል በሆዱ ይዟል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ደጋግማ አሸችው፤ ባሸችው ቁጥር ባሰበት።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ የባሏ የይኸነው ሙት ዓመት ነው። የዕድሩ ሴቶች መጥተው ዓመት ሙሉ ከገላዋ ያልወረደውን ከል ያወልቁላትና ነጭ ያለብሷታል። ልትለብስ ያሰበችው ይኼንኑ ቀሚስ ነበር። ይኸነው በጋሪው የሰው ዕቃ ሲያመላልስ ከርሞ ከዳንግላ ገበያ የገዛላት የመጨረሻ ልብሷ ነው። ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ሽታ ቢይዝ ላለቅልቀው ብላ ነው ያወጣችው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይኼ በእሷ ላይ መድረሱ ነው። የሰፈሩ የጉድጓድ ውሃ ብረት አለበት፤ የጎረቤት ነጠላ ሁለት ሦስቴ ከታጠበ የሽሮ መልክ ይይዛል። የውቢት ልብስ ብቻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጭ እንደሆነ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶች የነጠላዋን ጫፍ ይዘው «እንዴት አድርገሽ ነው?» ይሏታል። እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ ታሳያቸውና «ውሃውን አትማረሩት፤ ማሸት ነው እንጂ» ትላለች። ልጅ አልወለደች፣ ፊደል አልቆጠረች፤ ይቺ ንጣት ግን የራሷ ነበረች። ይኸነው ከሞተ ወዲህ ያጠበችው ከሏን ብቻ ነው፤ ጥቁር ደግሞ ምስጢር ያዥ ነው።

«ከሉን እንዳወልቅ አልወደደም ይሆን?» አለች ለራሷ። ቤቱ ውስጥ የሚመልስላት ሰው አልነበረም።

እርጥቡን ቀሚስ በፌስታል ይዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ባለሱቅ ወደ ራሂማ ሄደች።

«ጠንከር ያለ በረኪና ይኖርሻል?»

ራሂማ ፌስታሉን ገልጣ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ ውሃ ላይ በረኪና ጨመሩበት፣ እትዬ ውቢት? ዝገቱን እኮ ጨርቁ ላይ ነው የሚያጣብቀው። የሚያስለቅቀው ሎሚ ነው። ውሃውም መጀመሪያ ይደር። ዛሬ ይቅዱና ክፍቱን ያሳድሩት፤ ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ላይ ላዩን በጨርቅ አጥልለው ይጠቡበት።»

«ይኼን ማን አስተማረሽ?»

ራሂማ ሎሚ መምረጥ ጀመረች።

«ማን ነው ያልኩሽ?»

«ጋሽ ይኸነው ናቸው» አለች በመጨረሻ። «የልጆቼ ሸሚዝ ቢጫ ሲሆን አይተው ነው። ለእርስዎ እንዳልነግር ግን አስምለውኝ ነበር። ‹እጄ ነው ብላ ነው የምትኮራው፤ ተያት› አሉኝ።»

ውቢት ሎሚውን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ሰላም ያሏትን ሰዎች አላየቻቸውም። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ሠላሳ ዓመት አሞኛት! እሷ በሰው ፊት እጇን ስትዘረጋ እሱ አጠገቧ ቆሞ ዝም ይላል። ቀጥሎ ግን ነገሩ አንድ በአንድ እየመጣባት ሄደ። ማታ ማታ ፈረሱን ከጋሪው ፈትቶ፣ ደክሞት እንኳ ሳይቀመጥ፣ ውሃ እየቀዳ በጋጣው ጀርባ ያለውን በርሜል ይሞላል። «ለፈረሱ ነው» ይላታል። «ያንተ ፈረስ የዝሆን ሆድ ነው ያለው» እያለች ትስቅበት ነበር። ጠዋት ስትነሳ ሁለቱ ጀሪካኖች ሞልተው በሩ ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ያን ውሃ ከየት እንዳመጣው አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም።

ወደ ጋጣው ጀርባ ዞረች። ፈረሱ ከአርባው በኋላ ተሸጧል፤ ድሮም ቢሆን ወደዚያ እግሯ ረግጦ አያውቅም ነበር። በርሜሉ እዚያው ነው፤ ከሥሩ ቀይ ዝቃጭ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ካለው ሚስማር ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ዝገት የጠጣ ጨርቅ ተሰቅሏል። ዘረጋችው። ጥለቱን ስታይ አወቀችው። የሙሽርነቷ ነጠላ ነው፤ ጠፋብኝ ብላ ጎረቤት ሁሉ የጠረጠረችበት፣ እሱም «ነፋስ ወስዶት ይሆናል» ያላት።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የቀብሩ ዕለት ስታለቅስ የሚይዛት ሰው ሞልቶ ነበር። ዛሬ ማንም አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በርሜሉን ፈግፍጋ አጠበችና መቅዳት ጀመረች። እሱ ስንት ባልዲ ይቀዳ እንደነበር እንኳ አታውቅም። ወገቧ እስኪቆረጥ ቀዳች።

በማግስቱ ማለዳ ቀዩ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ላይ ላዩን ቀስ ብላ ጨለፈች፣ በዚያው ነጠላ አጠለለችው፣ ቀሚሱን በሎሚ አሽታ አለቀለቀችው። ለፀሐይ ስትሰጣው እድፉ ለቀቀ፤ ከዘርፉ ላይ ብቻ ጥቂት ምልክት ቀረ። ነጠላውን ግን ሎሚ አላስነካችውም። ከነዝገቱ ከቀሚሱ ጎን ሰጣችው።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ መጡ። በዕድሜ የሚልቁት እማማ አይናለም ቀሚሱን ከገመዱ አውርደው አገላበጡት። «ያው የውቢት እጅ ነው። ይባረክ» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን ትዘረጋ ነበር። አሁን ግን ከከሉ ውስጥ አላወጣችውም።

ጥቁሩን አወለቁላት። ነጩን አለበሷት። እማማ አይናለም ለዚሁ ብለው ያመጡትን አዲስ ነጠላ ሊደርቡላት ሲዘረጉት፣ ውቢት በመካከላቸው አልፋ ወደ ገመዱ ሄደች። ቀዩን ነጠላ አወረደችና ነጩ ቀሚስ ላይ ደረበችው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ እኮ ዝገት የበላው ጨርቅ ነው» አሉ እማማ አይናለም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ውቢት ጫፉን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ነጠላዬ ነው» አለች። «ጠፍቶብኝ ነበር።»