የተደበቀው እግር

ሥራዬ አይጥ ማየት ነው። ሳቁ፣ እናቴም ስቃለች። ላቦራቶሪ ውስጥ የተቀረፀ የአይጥ ቪዲዮ ይመጣልኛል፤ በእያንዳንዱ ምስል ላይ አፍንጫውና አራቱ እግሮቹ ያሉበት ቦታ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ኮምፒውተሩ ከእኔ ነጥብ ተምሮ በኋላ አይጦቹን ራሱ ይከታተላል። የሚሞከርባቸው የእጅና የእግር መንቀጥቀጥ መድኃኒት ነው፤ እናቴም እሱኑ ነው የምትጠብቀው።

ጣጣው የመጣው ከአንድ ነጭ አይጥ ነው። የቀኝ የፊት እግሩን ሆዱ ሥር ወሽቆ አላወጣም አለ። እኔም ቦታውን ባዶ ተውኩት።

አለቃዬ መጣና፣ "ሦስት መቶ ምስል ባዶ ነው። መሬት ረግጧል ብለሽ ሙዪው" አለኝ።

"አላየሁትማ።"

"ገምቺ። እግር የት ይሄዳል?"

"ያላየሁትን አየሁ ካልኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

እስከ ነገ ካልሞላሁ ወንበሩን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሮኝ ሄደ።

ቤት ስገባ በስልክ የነገርኳት እህቴ ተቆጥታ ጠበቀችኝ። "ምን አደረቀሽ? መድኃኒቱን በእማዬ ላይ ልታዘገዪባት ነው?"

እማዬ ሶፋው ላይ ናት። "እጅሽ እንዴት ዋለ?" አልኳት።

"ደህና ነው። ዛሬ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።"

ቀኝ እጇ ጭኗ ሥር ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙም ጋ እንዲሁ ተቀምጣ፣ እሱም ያላየውን እጅ "ተሽሎታል" ብሎ ጽፎ አሁን የምትወስደውን መድኃኒት ቀነሰባት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለች ያሳደገችን እኮ እሷው ናት።

ጠዋት ሦስት መቶውም ምስል ላይ፣ ማስታወሻው ቦታ፣ "ደብቆታል" ብዬ ጻፍኩ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለ አለቃዬ።

"ደህና እግር አይደበቅም። ረግጧል ካልን ያልሠራ መድኃኒት ሠራ ልንል ነው።"

"አንቺ ሐኪም አይደለሽም።"

"አይደለሁም። የበሽተኛ ልጅ ነኝ።"

"ወንበሩን ልቀቂ።"

"እንካ ወንበርህን። የጻፍኩትን የሚያጠፋ ካለ ግን በራሱ ስም ያጥፋው" ብዬው ቦርሳዬን አነሳሁ።

እኩለ ቀን ላይ ቤት ስደርስ እማዬ ለምን በጊዜ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። መባረሬንና ምክንያቱን ነገርኳት። ሳቀች።

"አይጥም ይደብቃል?" አለችኝ።

"ይደብቃል፣ እማዬ።"

ቀኝ እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ብርጭቆው ይንኳኳ ጀመር።

"በይ፣ ለሐኪሙ ደውዪለት" አለች።