የአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽ

ከፈተናው በፊት በነበሩት ስድስት ሳምንታት ነርሷ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ትንፋሽ ትቆጥር ነበር። ታክሲ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠውን፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመችውን ሴትዮ፣ ወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋውን የሆስፒታሉን ጥበቃ። ዐይኗን ደረታቸው ላይ ጣል ታደርግና የእጅ ሰዓቷ የሰከንድ ቆጣሪ አንድ ዙር እስኪዞር ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጥበቃው ነቅቶ ሲያያት፣ "ሲስተር፣ ምን ሆነሽ ነው? ፈዘሽ ቀረሽ እኮ" አላት። "አሥራ ሁለት" ብላው አለፈች። ሰውየው አሥራ ሁለት ምን እንደሆነ ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ።

አንድ ደቂቃ አጭር ናት የሚል ሰው ቆጥሯት አያውቅም። ነርሷም ድሮ አጭር ትመስላት ነበር። አሁን ግን ስትቆጥር ደቂቃዋ እየሰፋች፣ እየተንጣለለች ትሄድባታለች። የመስኮቱ መጋረጃ በነፋስ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል። ቧንቧው ይንጠባጠባል። የጎረቤት ሬዲዮ አንድ ዜና ጀምሮ ይጨርሳል። አንዳንዴ ሰውየውን ትታ መጋረጃውን እየቆጠረች ራሷን ታገኘዋለች። መጋረጃው በደቂቃ ስምንት ይተነፍሳል፤ ደህና ነው፣ አያሰጋም።

ይህ ሁሉ አባዜ የመጣው ካለፈው ዓመት ውድቀት ነው። በውጭ አገር በነርስነት ተመዝግቦ ለመሥራት እዚሁ ከተማ የሚሰጥ የጽሑፍና የተግባር ፈተና አለ። የጽሑፉን በአንድ ጊዜ አለፈች። የተግባሩ ክፍል ውስጥ ግን በሽተኛ መስሎ የሚተኛ ተዋናይና ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን የማታሳይ ፈታኝ ነበሩ። ነርሷ ሰላምታ ሰጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ፈቃድ ጠየቀች፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ለካች። ትንፋሽ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ሳያማክራት "ሃያ" ብሎ ጻፈ። ለካ ፈታኟ በራሷ ሰዓት ትቆጥር ኖሯል። ተዋናዩ የተነፈሰው አሥራ አራት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። የምትሠራበት ዋርድ አርባ አልጋ አለው፤ ተረኛ ነርስ ሁለት። ሙቀቱን ቴርሞሜትር፣ ግፊቱን ማሽን ይነግራል። ትንፋሽ ግን ቁጭ ብሎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሰው ማየትን ይጠይቃል፤ አርባ ሰው አርባ ደቂቃ ነው፣ ያን ማን ይሰጣል? ስለዚህ ለሁሉም ሃያ ይጻፍለታል። በዚያ ዋርድ ካልሞተ በቀር ሃያ የማይተነፍስ ሰው የለም። ሐኪሞቹም ያውቃሉ፣ አይተው ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ልማድ እያደር እጅ ውስጥ ይገባል፤ እጅ ደግሞ ሥራና ፈተና ለይቶ አያውቅም።

የቀራት ዕድል አንድ ብቻ ነበር። አሁን ከወደቀች የጽሑፉ ውጤት ጊዜው ያልፍበታል፤ ቦታ ይዞ የሚጠብቃት የውጭው ሆስፒታልም ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ሁሉንም ከዜሮ መጀመር ይመጣል። እሷ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከዜሮ የመጀመር ወኔ የላትም።

ከእሷ የባሰ የጓጓው አባቷ ነው። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። "እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሄጄ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ነው የተመለስኩት" ይላል፤ "አንቺ እንኳ አንድ ጊዜ ሄደሽ ቅሪ።" ቅሪ ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ልምምዱን ያሰበው ራሱ ነው። በሽተኛው እሱ፣ አልጋው የራሱ አልጋ፣ ፈታኙም እሱ። የፈተናውን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፋ ሰጠችው፤ እሱም በቀይ እርሳስ ምልክት ያደርጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ አንዲት መስመር ብትዘል አይለቃትም። "ስሜን አልጠየቅሽኝም" ይላል ከብርድ ልብሱ ሥር። "አባዬ፣ ስምህን አውቀዋለሁ እኮ።" "እኔ አባትሽ አይደለሁም፣ በሽተኛ ነኝ። ጠይቂ።" ስለዚህ አንቱ እያለች፣ እንደማታውቀው ሰው ትጠይቀዋለች፤ እሱም በየቀኑ ሌላ ስም ያወጣል። አንድ ቀን ጡረታ የወጣ ዳኛ ሆኖ የዋርዱን ምግብ ከሰሰ። ሌላ ቀን ሦስት ሚስት የፈታ ነጋዴ ሆኖ፣ "አንቺስ አግብተሻል?" ብሎ ጠየቃት። ነርሷ ሳቋ አፍኗት የቴርሞሜትሩን ቁጥር ረሳች፤ እሱም ያለ ርኅራኄ በቀይ ሰረዘባት።

ደግሞም ሲያውቅበት ጉድ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትራሱን ሦስት አደረገ። "ሆስፒታል ያለ ሰው ቀና ብሎ ነው የሚተኛው" አላት። በሦስተኛው ሳምንት ጫማውን ትቶ ነጠላ ጫማ ለመደ፤ "በሽተኛ ጫማ ሲያደርግ የት አየሽ?" ከዚያ ደግሞ ሳል ጀመረ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ ልክ እንደ እውነት። "ዛሬ ሳልህ በጣም ጥሩ ነበር" አለችው ነርሷ፣ የግፊት መለኪያውን እየጠቀለለች። አባቷ ደስ ብሎት ፈገግ አለ።

ያን ሰሞን ከሥራ መልስ ጋደም ስትል አንድ ዓይነት ሕልም ይመላለስባት ነበር። ጫፉ የማይታይ ነጭ ዋርድ ውስጥ ናት። በግራና በቀኝ ሰዎች ተኝተው አንድ ላይ ይተነፍሳሉ፤ ጣሪያው አብሯቸው ከፍ ዝቅ ይላል። በመስኮቶቹ ዛፎች ሲያልፉ ዋርዱ እየሄደ መሆኑ ይገባታል፤ የሚነዳው ማን እንደሆነ ግን አይታያትም። ልትቆጥር ወደ አንዱ አልጋ ጠጋ ስትል ተኝቶ የነበረው ሰው በዝግታ፣ በጨዋነት ትንፋሹን ይይዛል። ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፤ እሱም ይይዛል። ሕልሙ አያስፈራም፤ ስትነቃ ግን የሆነ ነገር ረስታ የወጣች ይመስላታል።

በልምምዱ የአባቷ ትንፋሽ ሁሌም አሥራ ስድስት ነበር። የእጁን አንጓ ይዛ፣ የልብ ምቱን የምትቆጥር መስላ ደረቱን ታያለች። አሥራ ስድስት፤ ቢበዛ አሥራ ሰባት። በመጽሐፍ ላይ ያለ ጤና ነው። እሱ ደቂቃዋ እስክታልቅ ጣሪያውን እያየ ዝም ብሎ ይተኛል፣ እሷም በዚያ ዝምታ ውስጥ ልጅነቷን ታያለች፤ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀምጣ፣ የአባቷ ማጅራት ላይ ፀሐይ አርፋ። በቀኑ ውስጥ ከሁሉም የምትወዳት ደቂቃ ይህች ነበረች።

የፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ተረኝነቷን ስለያዘችላት ቀደም ብላ ቤት ገባች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። የበሩን ድምፅ አልሰማም። ነርሷ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች፤ እንደ ልማዷም ሳታስበው ቆጠረች።

ሃያ ስምንት።

ተሳስቻለሁ ብላ ደገመች። ሠላሳ። መጋረጃው ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ የአባቷ ደረት ግን ከመጋረጃው ጋር አይሄድም፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይጣደፋል። በርከክ ብላ እግሩን አየች። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ልብ ሲደክም ውሃ እግር ላይ ይወርዳል፣ ሳንባም ላይ ይወጣል፤ ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪም አይስተውም። ሦስቱ ትራስ፣ ነጠላ ጫማው፣ ያ ያደነቀችለት ሳል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጥተው ፊቷ ቆሙ።

ዐይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ። በገዛ እጇ የጻፈችው ነው፦ "ትንፋሽ ሲቆጠር ለታካሚው አይነገርም። መቆጠሩን ያወቀ ሰው ትንፋሹን ይለውጣል።" መስመሩ ሥር የስድስት ሳምንት የቀይ እርሳስ ምልክት ተደርድሯል። አባቷ አንጓውን በሰጣት ቁጥር አብሯት ይቆጥር ነበር፤ እየተናነቀው በልክ ያወጣል፣ በልክ ያስገባል።

ነርሷ በዋርዱ በቀን አሥር ጊዜ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትላለች። አሁን ግን አልቀሰቀሰችውም። ነገ ነው ፈተናው። ከፈተናው በኋላ፣ ነገ እኩለ ቀን ላይ፣ እጁን ይዛ ትወስደዋለች። አንድ ቀን ምን ያመጣል? ስድስት ሳምንት የቆየ አንድ ቀን አያጣም። እንዲህ እያለች ለራሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለመሄድ ፈልጋ ነበር፤ ከሁሉ ነገር በላይ ፈልጋ ነበር። አፈረችበት፣ ቢሆንም ፈለገች።

አባቷ ነቃ። "መጣሽ እንዴ? በይ እንለማመድ፣ የመጨረሻችን ነው" ብሎ ወደ አልጋው ሄደ። አንጓውን ያዘች። ቆጠረች። አሥራ ስድስት። ይህን ጊዜ ግን የላይኛው ከንፈሩ ላይ የወጣውን ላብና የተወጠረውን የአንገቱን ደም ሥር አየች። "አሥራ ስድስት" አለች። እሱም በቀይ እርሳሱ ምልክት አደረገና፣ "አልፈሻል" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በር ላይ ቆመ። የፈተናው በር ሦስት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ የለም። ነርሷ ነጭ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ መታወቂያዋን ይዛ ነበር። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ "ሂጂ በቃ፣ ሹፌር አታስጠብቂ" አላት።

እሷ ግን ከፊቱ ተቀመጠች። "አባዬ፣ የት ነው የሚያምህ?" አለችው።

"ከትናንት ጀምሮ ሆዴን በስተቀኝ..." ብሎ ጀመረ፣ ቀልጠፍ ብሎ።

"የልምምዱን ተወው። ትናንት ተኝተህ ቆጥሬሃለሁ።"

ውጭ ታክሲው አንዴ ጡሩምባ ነፋ። አባቷ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። ስለ ራሱ አውርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ ያወራው ስለ መቃብሩ መንገድ መበላሸት ነበር።

"ሌሊት ተቀምጬ ነው የማድረው" አለ በመጨረሻ። "ጋደም ካልኩ ውሃ ውስጥ እንደገባሁ ነው። ሦስት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ ሰው የምጠብቅ እመስላለሁ..."

ታክሲው ደግሞ ነፋ። ነርሷ ሰዓቷን አላየችም። አሁን ካቋረጠችው ይህ ሰው ዳግመኛ አፉን እንደማይከፍት ታውቅ ነበር። እሱም ሲናገር ትንፋሹን መያዝ ረሳው፤ በቃላቱ መካከል እየተቆራረጠ፣ እየጮኸ ይወጣል። ደረጃውን ነገራት፣ ገበያውን ነገራት፣ እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ በሩን ተደግፎ የሚያርፈውን ነገራት። "ፈርቼ ነበር" አላት። "ሞቱን አይደለም። በእኔ ሰበብ እዚያ አርባ አልጋ መሃል እንዳታረጂ ነው የፈራሁት።"

"ተነሥ እንሂድ" አለችው።

ኮቱን ደረበችለት፤ ጫማው ግን እምቢ አለው፤ በነጠላ ጫማው ወጣ። ታክሲው ውስጥ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠዋቱ ደብዛዛ ነበር፤ ሱቆቹ፣ ዛፎቹ፣ አስፋልት የሚያቋርጡ ተማሪዎች በመስታወቱ ላይ ቀስ ብለው ያልፉ ነበር፣ የሚሄዱት እነሱ እንጂ ታክሲው አይመስልም። አደባባዩ ላይ መብራት ያዛቸው። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ነበር።

"ፈተናው በግራ ነው አይደል?" አለ የታክሲው ሹፌር።

"በቀኝ" አለች ነርሷ። "ሆስፒታል።"

"በግራ ነው" አለ አባቷ። "አሥር ደቂቃ አላት፣ ትደርሳለች። ንዳ።"

"በቀኝ" አለች። ድምፅዋን አላነሣችም።

የታክሲው ሹፌር በመስታወቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። "ተስማሙና ንገሩኝ፣ መብራቱ ሊለቅ ነው።"

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። ነርሷ ታለቅስ ነበር፣ ሳትደብቅ፤ እጁን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፣ አንጓውን ሳይሆን መዳፉን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ መንገድ ያሳየው ተሳፋሪ የለም። የግራውን መንገድ አሻግሮ አየው፣ እስከሚታጠፍበት ድረስ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላቸው መኪኖች ጡሩምባ መንፋት ጀመሩ።

"በቀኝ ንዳው" አለ አባቷ።