ከምሰሶው ወዲያ

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ድጓ የሚያስተምሩት ጀርባቸውን ለቤቱ ምሰሶ ሰጥተው ነው። ከምሰሶው ወዲህ ተማሪዎቹ አጎዛቸውን አንጥፈው ተራ ይጠብቃሉ። ከምሰሶው ወዲያ፣ ምሰሶው አብሮ ከተሠራበት የጭቃ ግርግዳ ኋላ፣ ልጃቸው እድላዊት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ተማሪው ዜማ ሲሰብር ምሰሶውን በጣቷ አንጓ አንዴ ታንኳኳለች። መሪጌታ በጀርባቸው ይሰሙና «ተመለስ!» ይላሉ።

በጆሯቸውማ በደንብ መስማት ከተዉ ቆይተዋል።

አባትና ልጅ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የተጀመረውም በንዴት ነው። ከስማዳ የመጣው ክንዱ የሚባል ተማሪ አንዲቱን ሐረግ እንደ ከብት ጥሪ ሲጎትታት፣ የኔታም ዝም ብለው ሲያሳልፉት፣ እድላዊት ከወዲያ ሆና ምሰሶውን በቡጢ አለችው። መሪጌታ ነቃ አሉ። «ተመለስ!» አሉ። ክንዱ ተመለሰ፤ አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ አባትየው የተማሪውን ከንፈር እያዩ ቃሉን ይከተላሉ፣ ልጂቱ ዜማውን ትጠብቃለች።

ድጓውን ያስተማራት የለም፤ ሴት ልጅ ከዚያ አጎዛ ላይ አትቀመጥም። ግን ስትተኛም ስትነሣም የሰማችው እሱን ነው። ስሕተት ሲያልፍ በምግብ መሀል እንደተገኘ አሸዋ ጥርሷ ውስጥ ይንቋቋል።

ከሰዓት በኋላ አይሲቲ ታስተምራለች፣ ኮምፒዩተሮቹ ከመብራቱ ቀድመው በደረሱበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ኪቦርዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትስላለች፤ ልጆቹ እየወጡ የጣት አቀማመጥ ይለማመዳሉ። ጎበዙ ተማሪ በእጁ ንጣት ይታወቃል።

በዚህ ሰሞን ታዲያ ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማስተርስ ያመለከተችባቸው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም ተቀበሏት። እስከ አርብ አንዱን መርጣ ማሳወቅ አለባት። የቅርቡ የሚያስተምረው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአባቷ ጉባኤ ስለሚታጠፍ ከምሰሶው አትጎድልም። የሩቁ አዲስ አበባ ነው። ሙሉ ጊዜ ነው። እዚያ ከገባች ምሰሶው እንጨት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ሁለቱም ተቀበሉኝ አባባ!» ብላ ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

«እነማን?»

«ዩኒቨርሲቲዎቹ!»

«ዩኒቨርሲቲ እጅ አለው እንዴ የሚቀበል? መምህሩ ማን ነው?»

በእሳቸው አገር ተማሪ የሚመርጠው መምህር እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። እሳቸው በወጣትነታቸው ድጓ ለማስመስከር ወደ ድጓው ምስክር ቤት ወደ ቤተ ልሔም ሲወጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ተማርክ?» የሚል ነበር።

ስልኳን አውጥታ አስቀድማ ያወረደቻቸውን ድረ ገጾች ከፈተች። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ጋዋን የለበሱ ልጆች ባርኔጣ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። በሩቁም ይወረውራሉ። ሁለቱም በአፍሪካ ተመራጭ ለመሆን ራእይ ሰንቀዋል። ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት፣ ሁሉም አለ፤ የሚያስተምረው ሰው ስም ብቻ የለም።

«አልጻፉትም!» አለች።

«አልጻፉትም?» መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ከበር ተቀመጪና ስሚያ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷታል። አዲስ መምህር ዘንድ የደረሰ ተማሪ የመጀመሪያ ቀን አይማርም። ከበር ተቀምጦ መምህሩ ሌላውን ሲያርም ያዳምጣል። እርማቱ ከጣመው አኩፋዳውን ያወርዳል፤ ካልጣመው መንገዱን ይቀጥላል።

ከግቢው ጥግ ኔትወርክ የሚገኝበት ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ወጥታ ደወለች። የስልኩ ጆሮ እንደ አባቷ ጆሮ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ የሚያወራው በላውድ ስፒከር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ከጎጇቸው ደጅ ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር።

መጀመሪያ የደወለችው በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ለድሮ ጓደኛዋ ለህይወት ነው።

«ነይ ባክሽ!» አለች ህይወት። «እዚህ የሚያጨናንቅሽ የለም። መምህሮቻችን እንዴት ያሉ ሰው አክባሪ መሰሉሽ! ያስገባሽውን ሁሉ ‹በጣም ጥሩ› ብለው ይመልሱልሻል።»

«ያነቡታል?»

«ውይ አንቺ! ኤ ካገኘሽ ምን አነበቡ አላነበቡ ያሰኝሻል?»

ቀጥላ በሩቁ ወደሚማረው ወደ አስቻለው ደወለች።

«እድሉ፣ አማካሪዬ ልትገድለኝ ነው» አለ። «ሥራዬን በሰጠኋት ቁጥር ትመልስልኛለች። ትናንትና ከኮዱ መሀል አንዲት መስመር ጠቁማ ‹ይህች እዚህ ምን ትሠራለች?› አትለኝም? ምን ልበል፣ ከኢንተርኔት የቀዳኋት ናት!»

«ታዲያ ለምን አማካሪ አትቀይርም?»

«አብደሻል? ከእሷ ሌላ ማን ያስተምረኛል?»

እድላዊት ስልኩን ዘግታ ድንጋዩ ላይ ቆመች። እዚያች ሴትዮ ፊት ቁጭ ብላ «ይህች እዚህ ምን ትሠራለች?» መባል አማራት፤ እንደ ውኃ ጥም አማራት። ከዚያ በበሩ በኩል ምሰሶውን የተደገፉትን አባቷን አየች።

ገብታ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች።

«የቅርቡ ይሻላል አባባ! የቅርቡ መምህር እየመለሰ ያርማል! የሩቁ ሁሉንም ‹በጣም ጥሩ› ብሎ ያሳልፋል!»

ሌላው ሰው ውሸቱን በሹክሹክታ ይናገራል። ጆሮው የከበደ አባት ያለው ሰው ግን ጮኾ መዋሸት አለበት። ውጭ ቆሎ መቆርጠሙ ቀጥ አለ።

መሪጌታ ፊቷን ትክ ብለው አዩት።

«ጥሩ» አሉ።

ይህን ቃል ለማንም ተማሪ ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ተራው የክንዱ ነበር። ጥቂት እንደሄደ ያችኑ የለመዳትን ቦታ ሰበራት። እድላዊት አንኳኳች።

የኔታ ዝም አሉ።

ደግማ አንኳኳች፤ ጠንከር አድርጋ። አሁንም ዝም። ክንዱ ሁለት ቃል ያህል ወደፊት ሄደና ራሱ ቆመ።

«የኔታ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተንኳኳ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ መሪጌታ። «ከመቼ ጀምራችሁ ነው የምታውቁት?»

ክንዱ አቀረቀረ። «እኛማ... ምሰሶውን ‹የኔታ ግንዱ› ነው የምንለው።»

አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ በነጠላው አፈነው። የመሪጌታም ከንፈር ትንሽ ፈታ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ተሰበሰበ።

«ትናንት ማምሻውን ቀለመ ወርቅን ወደ ገብሱ ማሳ ይዤው ወጣሁና ስልኩ ያለውን በጆሮዬ አስጮኽሁት» አሉ። ቀለመ ወርቅ ከተማሪዎቹ ሁሉ የቀደመው፣ ታናናሾቹን የሚያስጠናው ነው። «ልጄ ስሕተት የሚያሳልፍ መምህር ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ለእኔ ብላ። እኔስ ምን ሆኛለሁ? ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። ቤተ ልሔም ስትወጡ ‹ከማን ተማርክ?› ቢሏችሁ ምን ልትሉ ነው? ከግንድ?»

አሁን የሳቀ የለም።

«ቀለመ ወርቅ፣ ና እዚህ ተቀመጥ።»

«ኧረ የኔታ! አንቱ እያሉ?»

«እያለሁ ነው እንጂ። ስሞትማ ስትሳሳት ማን ያይሃል?»

እድላዊት ግርግዳውን ዞራ መጣች፤ ጉባኤ ተዘርግቶ ሳለ ቆማ ከማታውቅበት ቆመች። አልጮኸችም። አባቷ ከንፈሯን እያዩ ነበር።

«እኔ ስሄድ ማን አለዎት?»

«ይኸው ሞልተዋል፤ ቆሎዬን የሚጨርሱ» አሉና በእጃቸው ወደ ተማሪዎቹ አመለከቱ። ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «ትናንት ያልሽው ተሰብሯል። ተመለሺ።»

«የሩቁ ነው አባባ» አለች ቀስ ብላ። «የሩቋ መምህር ናት የምታርም።»

«እህ» አሉ። «አሁን ያዝሽው።»

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና ከክንዱ ጎን አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ምሰሶው ብቻውን ሲቀር ጀርባቸው ያረፈበት ቦታ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ታየ። ቀለመ ወርቅ ጀርባውን ለምሰሶው ለመስጠት ሳይደፍር ከየኔታ መቀመጫ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

ክንዱ ከመጀመሪያው ጀመረ። እድላዊት ወደ ቦታዋ፣ ወደ ግርግዳው ኋላ ተመልሳለች። ያች የለመዳት ቦታ ደረሰች። ክንዱ ደግሞ ሰበራት። የጣቷ አንጓ ራሱ ተነሥቶ ምሰሶው አጠገብ ደረሰ፤ እዚያው አቆመችው። የቀለመ ወርቅ ድምፅ አይሰማም። ክንዱ ወደፊት እየሄደ ነው።

«ተመለስ» አለ ቀለመ ወርቅ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ።

ክንዱ ተመለሰ።

እድላዊት እጇን ከምሰሶው አራቀች። ስልኳን አነሣችና በጓሮ በር ወጥታ ኔትወርክ ወዳለበት ድንጋይ ሄደች።