ኳሷ የማትደንስበት ከተማ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም እንዳይሻማኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዕድሉ ነው» እያሉ የሚያጽናኑኝ ሴቶች አሉ። ዕድል አይደለም፣ ፀዳል ናት፤ እኔ።

ወንድሜ አለምሰገድ የቤዝቦል ወርዋሪ ነው። ነበር። ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በሃያ አራት ዓመቱ ትከሻው ተበላሸና ፈጣን ኳስ መወርወር አከተመ። ሌላው ሰው ቢሆን ወይ ኡበር ይነዳል ወይ ኤርፖርት ይቀጠራል። እሱ ናክልቦል ተማረ። ኳሷን በጥፍሮቹ ጫፍ ይዞ፣ ሳትሽከረከር፣ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ንፋሱ ወዲያ ወዲህ ሲያንገላታት ዱላ የያዘው መቺ ይስታትና አየሩን ይመታል፤ የወርዋሪ ሥራ ይኸው ነው። በዚህች ኳስ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን እንኳ በማላውቃቸው ትናንሽ ከተሞች በአውቶቡስ ተንከራተተ። ትዳር የለ፣ ልጅ የለ። ያለው ጥፍር ብቻ ነው፤ በሞረድ እየሞረደ፣ ዘይት እየቀባ ይንከባከበዋል፤ እንዳይለሰልስበት ዕቃ እንኳ አጥቦ አያውቅም።

ብርዱ ገብቶ ቤት ሲመጣ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ያለው አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ ጓንት አጥልቄ ኳሷን የምቀበለው እኔ ነኝ። እዚህ ሲወረውራት ዝም ብላ ትመጣለች። «ከተማው ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ የሚገፋት ነገር የለም» ይለኛል። ስለዚህ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብዬ አልዋሽም።

ባለፈው ጁላይ፣ በአርባ ዓመቱ፣ ወርዋሪዎቹ የተጎዱበት አንድ ትልቅ ቡድን ጠራው። ለአንድ ጨዋታ ነው፤ ከተሳካለት ይቆያል፣ ካልተሳካለት አበቃ። አሰልጣኙ ደህና ሰው ስለሆነ አስመረጠው፤ እሁድ ዴንቨር፣ ወይ ማክሰኞ ባሕሩ አጠገብ ባለው የራሳቸው ሜዳ። ማክሰኞ ሊል ነበር። እኔ ደወልኩ።

«እማዬ አንድ ቀን እንኳ ስትጫወት አላየችህም። በዚህ ኩላሊቷ አውሮፕላን አትሳፈርም። ደግሞ ለሰዉ ሁሉ ነግሬያለሁ፣ አርባ ሰው ትኬት ቆርጧል። ምን ልበላቸው?»

«ፀዲ፣ እዚያ ኳሷ አትደንስም።»

«አንድ ቀን ለእናትህ ብትደንስ ምን ትሆናለች?»

«እሺ» አለ። ይሉኝታ ይዞት ነው፤ ይሉኝታውን ያሸከምኩት ደግሞ እኔ።

እሁድ እናቴን ጌጥነሽን ነጠላዋን አልብሼ፣ ዊልቼሯን እየገፋሁ ስታዲየም ይዣት ሄድኩ። አጠገባችን ጋሽ ሰረቀ ተቀመጡ፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ቤዝቦል በሬዲዮ ሲከታተሉ የኖሩ ኤርትራዊ ጎረቤታችን ናቸው።

የመጀመሪያዋ ኳስ ልክ እንደ ፓርኪንጓ መጣች። መቺው በዱላው መትቶ ከአጥሩ ውጭ አሻገራት፤ ለወርዋሪ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ስታዲየሙ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ጮኸ፤ የዴንቨር ሰው ነው፣ የመታው የነሱ ልጅ ነው፣ ለምን አይጮህ። እማዬም የዊልቼሯን እጀታ ተደግፋ ለመነሳት ታገለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

«አየሽ ሰዉ ሁሉ እንዴት እንደተነሳለት?» አለችኝ።

ጋሽ ሰረቀ «ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ ይሄ እኮ…» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝኩ። ገባቸውና ወደ ጫማቸው ማየት ጀመሩ።

አራት ጊዜ ኳሷ ከአጥር ወጣች። አራት ጊዜ ሰዉ ተነሳ፣ አራት ጊዜ እማዬ እልል አለች። ሦስተኛው ላይ አለምሰገድ ቀና ብሎ ወደ እልልታው አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሰልጣኙ ሊያስወጣው ሜዳ ገብቶ ኳሷን ከእጁ ሊቀበለው ሲራመድ እማዬ «ሊሸልመው ነው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት አሰናበቱት። ከሰዓት ቤት መጣ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ያዘችው።

«በዓይኔ አየሁ» አለችው። «እዚህ እንዲህ እየወደዱህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው አገር ሜዳ ምን ስታደርግ ነበር?»

ይነግራታል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲነግራት ፈለግኩ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እውነትሽን ነው እማዬ» አለ።

ከዚያ ከመሳቢያዋ የጥፍር መቁረጫ አወጣና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አስሩንም እስከ ሥጋው ቆረጣቸው። ሲጨርስ ቁርጥራጩን ሰብስቦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ዕቃ ሊያጥብ ወደ ኩሽና ሄደ።